የሸማኔ አንጎል

ሥራ የጀመርኩት የድስት ክዳን በመክፈት ነው። ወጣት አስጎብኚዎች ይህን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። ሰቆጣ ውስጥ ባጅ ደረት ላይ መንጠልጠል ከመጀመሩ በፊት አስጎብኚ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ፈረንሳዮች፣ ባልና ሚስት፣ አቧራ ለብሰው ከወይዘሮ አበቡ ሆቴል በር ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ አበቡ የሚናገሩት አንድም ቃል አልገባቸው ብሎ ተጨንቀዋል። እኔ ያን ጊዜ ከፈረንሳይ በመጡ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሰፈር የወጥ ቤት ረዳት ነበርኩ። ፈረንሳይኛ ማንም አላስተማረኝም። ከወጥ ሠሪያቸው አጠገብ ቆሜ በጣቴ እየጠቆምኩ «ይህ ምን ይባላል?» እያልኩ ነው የለቀምኩት። ቢላዋ፣ ድንች፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎል። አንድ በሬ ከቀንዱ እስከ ጭራው ያለውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ወይዘሮ አበቡ በመንገድ ሳልፍ አዩኝና ጠሩኝ። «አንተ ዝናቡ! የነጭ አፍ ታውቃለህ ይሉሃል። እስቲ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅልኝ!»

ጠየቅኳቸው። መብላት ይፈልጋሉ፤ ምን እንዳለ ግን አያውቁም።

«ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ቅቅል አለ በላቸዋ!» አሉኝ።

ሽሮን በፈረንሳይኛ ማን ይለዋል? ቆፋሪዎቹ ሽሮ በልተው አያውቁም። እኔም አላንገራገርኩም፤ ሰዎቹን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና የድስቶቹን ክዳን አንድ በአንድ አነሣሁላቸው። ሴትዮዋ አፍንጫዋን አስግጋ አሸተተችና ምስሩን ጠቆመች።

«የቤቴን ገበና ለባዕድ ታሳያለህ?» ብለው ወይዘሮ አበቡ በማማሰያው ሊሉኝ ቃጡ። እንግዶቹ ግን ጠግበው በሉ፤ በማግስቱም ተመልሰው መጡ። ወይዘሮ አበቡ ከዚያ ወዲያ የውጭ ሰው ባዩ ቁጥር «ዝናቡን ጥሩልኝ» ይሉ ነበር። ሙያዬ በዚያ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴ አወጣሁት። ዳገት ላይ አስጎብኚ ከፊት ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ከኋላ። ወደ ዐለቱ ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ እንግዳው ትንፋሹ ሳይመለስ ታሪክ አትጀምሩ፤ ልቡ እየመታ ያለ ሰው ጆሮ የለውም። የታመመ እንዳለ ጠዋት ጠይቁ፤ ማታ ብትጠይቁ ዋጋ የለውም። ዛሬ ይህን በሥልጠና ታገኙታላችሁ። ያሠለጠኗችሁ ሰዎች ከማን እንደሰሙት ግን አይነግሯችሁም።

ማዳም ኤሌን የመጣችው በደጉ ጊዜ ነው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሐር ጨርቅ በሚሠራበት ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የጨረሰች ናት። ድንጋይ ቤቶቻችንን አሳየኋት፤ ገበያውን አሳየኋት፤ እሷን ያቆማት ግን የኪሮስ ጉድጓድ ነው። ኪሮስ ሸማኔ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤቴ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልከው ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን አየችው። ሌላ ምንም አላይም አለች።

ከዚያ እንግዳ የጠፋባቸው ክፉ ዓመታት መጡ። እኔም ባጄን መሶብ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ጊዜው ሲረግብ ማዳም ኤሌን ስልክ ደወለች። «ሙሴ ዝናቡ፣ ሸማኔውን ይዘህልኝ ና። የእኛ ሰዎች እጁን ይዩ» አለችኝ፤ ሙሴ በእነሱ አቶ ማለት ነው። መሄድ ያለብን በነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ።

የኪሮስ ሚስት ለምለም በር ላይ አቆመችኝ። ከእኔ ጋር እያወራች ዐይኗ ኪሮስ ላይ ነበር። ያ ሰው ሲጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቅቤና ወተት ያየው ነገር በደጁ አያልፍም። ደግሞ ደሙ ቶሎ ይወርዳል። አንድ ዓመት በጾም ጉድጓዱ ውስጥ ራሱን ስቶ ነው ያገኙት።

«አያ ዝናቡ» አለችኝ፣ «ይዘውት ይሄዳሉ፤ ይዘውት ይመለሳሉ። ጾሙን ሳያስገድፉት፣ ራሱንም ሳያስቱት። ለጾሙ ፍቺ እዚህ ይሁን።»

«ለምለም፣ እኔን እኮ ነው የምታወሪው» አልኳት።

«እሱን አውቄ ነው የምነግርዎት» አለችኝ።

በሶና ቆሎ ሞልታ አንድ ሻንጣ አስያዘችን። እንግዲህ ያ ሻንጣ ሊዮን አልደረሰም። አውሮፕላኑ እኛን አወረደ፤ በሶውን የት እንዳወረደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ለኪሮስ የቀረው መወርወሪያው ብቻ ነው፤ እሱን በነጠላው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞት ነበር።  

ሊዮን ሁለት ወንዝ መሃል ያለች ከተማ ናት። አሮጌው ሰፈሯ ከኮረብታ ሥር ተጣብቋል። መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቤቱ ረጃጅም ነው፤ ሁሉም ቤት ምግብ ቤት ይመስላል። እኔ የማውቀው ሥራ ነውና ማዳም ኤሌን ስታስጎበኘን እንዴት እንደምትሠራ አየሁ። ትፈጥናለች፤ ዳገት ላይ ታወራለች። ቢሆንም ጥሩ ናት።

ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የሊዮን ወጥ ቤት በስምንት ሰዓት እሳቱን ያጠፋል፤ እስከ ምሽትም አያነድም፤ እኛን ደግሞ ሳይመሽ እንቅልፍ ይጥለናል። የኪሮስ ጾም የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰው ሲበላ እሱ ይጾማል፤ እሱ ሲፈታ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። የመጀመሪያው ቀን በደረቅ ዳቦና በቲማቲም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ቤት ገብቼ የምታብለጨልጭ ዳቦ ልገዛለት ስል ቅቤ ሸተተኝ፤ ተውኳት። በዚያም ቀን ከዳቦና ከቲማቲም አላለፈም። ደረጃ ስንወጣ ኪሮስ ግድግዳ ይደግፍ ጀመር።

«ደከመህ?» አልኩት።

«ድንጋዩን እያየሁ ነው» አለኝ።

ድንጋይ አይቶ አያውቅም ይመስል!

ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ጎብኚዎች ቤተ ክርስቲያኑን ትተው እግሩን ፎቶ አነሡ። ኪሮስ ግንባሩን ዓምዱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆመ። እየጸለየ ይሁን እየዞረበት ይሁን መለየት አልቻልኩም። ለምለም ያለችኝ እየመጣብኝ ከኋላው ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ፤ ቢወድቅ ልይዘው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማዳም ኤሌን ሐር ወደሚሠራበት ቤት ወሰደችን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኪሮስ እዚያ ሰው ተሰብስቦ እያየው ሊሠራ ነው። የእነሱ መሣሪያ ጣሪያ ይነካል፤ የእኛው ግን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ኪሮስ ድሩን ዳስሶ «ድሩ ቀጭን ነው፤ ሰዎቹ ግን የእኛው ናቸው» አለ። ማዳም ኤሌንም አንድ ቃል ጽፋ አስተማረችኝ። በዚህች ከተማ የድሮ የሐር ሸማኔ «ካኑ» ይባላል። ካኑ። ወዲያው ያዝኩት። ቃል አንድ ጊዜ ከሰማሁ አይጠፋኝም፤ ይህን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በሸማኔዎቹ መተላለፊያ አሳለፈችን። ከአንድ መንገድ ተነሥቶ በቤቶች ሆድ ውስጥ፣ በግቢና በደረጃ እየተጠማዘዘ ሌላ መንገድ ላይ የሚያወጣ ጨለማ ቀዳዳ ነው። ካኑዎቹ ጨርቃቸው ዝናብ እንዳይነካው በዚያ ይሸከሙት ነበር አለችን። በሩ ከውጭ የማንም ቤት በር ይመስላል። ገፋ ካላደረግኸው አታውቀውም።

ማታ፣ ፀሐይ ገና ከጣሪያ ሳትወርድ፣ ወደ አንድ አሮጌ ምግብ ቤት ወሰደችን። «እውነተኛው የከተማችን ምግብ» አለችን። እኔም በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ዛሬ ኪሮስ ትኩስ ነገር ይቀምሳል ብዬ። ስንገባ ግድግዳው ላይ የተሳለው ሁሉ አሳማ ነው። አሳማ ባርኔጣ ያደረገ፣ አሳማ ወይን የሚጠጣ። ኪሮስ በነጠላው አፉን ሸፈነ።

ምግቡ የተጻፈው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ኪሮስ በአገጩ አሳየኝ። «ምን ይላል?»

«የበሬ ጨጓራ በሽንኩርት።»

«ጾም ነው።»

«የአሳማ አንጀት በሰናፍጭ።»

አማተበ።

«የጥጃ ራስ።»

«ዝናቡ፣ እዚህ ቤት ከሞተ ነገር ሌላ የለም?»

«ቆይ፤ ገና አልጨረስኩም።»

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰሌዳውን ወደ ታች ስወርድ ወደ መጨረሻው አንዲት የማውቃት ቃል አየሁ፤ ካኑ! ጠዋት የተማርኳት ቃል ማታ ስትገናኘኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰርቬል ደ ካኑ፣ ብዬ አነበብኩና ተረጎምኩለት።

«የሸማኔ አንጎል» አልኩት።

ኪሮስ ከሰሌዳው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ምን አልክ?» አለኝ።

«የሸማኔ አንጎል። ሰርቬል አንጎል ነው። ካኑ ሸማኔ ነው።»

«የየት አገር ሸማኔ?»

 ሳልመልስለት ማዳም ኤሌን ሰሌዳውን አየችና ፊቷ በራ። በጣቷ መጀመሪያ ያቺን ቃል፣ ቀጥላ ኪሮስን እየጠቆመች፣ ትከሻውንም እየመታች «ለእሱ! ይህ የእሱ ነው!» ትላለች። ጣት አስተርጓሚ አይፈልግም።

ኪሮስ ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ፤ መወርወሪያውን ከጠረጴዛው አነሣ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ለሁሉም እጅ ነሣና ወጣ።

እኔ ወንበሬን ገልብጬ መንገድ ላይ ስደርስ የለም። ግራ የለም፤ ቀኝ የለም። ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፤ ነጭ ነጠላ ግን አይታይም። ስልክ የለው፤ ፈረንሳይኛ የለው፤ ሦስት ቀን በዳቦ ብቻ የቆመ ጉልበት። ከዳር ወንዙ አለ። ከመኪናው መንገድ በኩል ጥሩምባ ይሰማል። «ይዘውት ይሄዳሉ፤ ይዘውት ይመለሳሉ» የሚለው የለምለም ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። ሰቆጣ ተመልሼ በዚያች በር ላይ ብቻዬን ስቆም ታየኝ።

ከዚያ አንድ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ጠዋት ያለፍንበት ነው። ገፋሁትና ጨለማው ውስጥ ገባሁ። እየዳበስኩ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ዘለቅኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። መጨረሻ ላይ ቆምኩና ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ጠራሁት። በዚያች ከተማ ለኽምጣኛ መልስ የሚሰጥ ጉሮሮ አንድ ብቻ ነው።

«አትጩህ፤ ሰው ይሰማሃል» የሚል ድምፅ በኽምጣኛ ከላይ መጣ።

ጠመዝማዛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፍቷል። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል፤ ግንባሩ ረጥቧል።

«ዓይኔን ጨለም አለኝ» አለ። «በሩን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ፤ ገባሁ።»

«አያ ኪሮስ፣ ሰው ይበላሉ ብለህ ነው የሸሸኸው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጅል አደረግኸኝ? ሰው እንደማይበሉ አውቃለሁ። ግን ስሙን ማን አወጣው? ሸማኔን የሚያከብር ሰው እንዲህ ያለ ስም ያወጣል?» ትንፋሹ ተቆራረጠበትና ትንሽ ዐረፈ። «ልጅ ሆነን ከገበያ ስንመለስ የሸማኔ ልጅ፣ ቁጢት በጣሽ እያሉ ድንጋይ ሲወረውሩብኝ አንተም ነበርክ። የአገሬ ስድብ መች አነሰኝና ነው ባሕር ተሻግሬ በሳህን የሚያቀርቡልኝ?»

  ጉልበቱ ላይ ያለውን መወርወሪያ አየሁ፤ ወይዘሮ አበቡና የድስቶቻቸው ክዳን ትዝ አሉኝ።

«ተነሣ» አልኩት። «ክዳኑን እንክፈተው። ከፍተን አይተን ስድብ ከሆነ ዛሬውኑ አገር እንገባለን።»

«አንተ ጉረኛ፣ ሰው ወጥ ቤት ያስገባሃል?»

«ወይዘሮ አበቡ አስገብተውኝ የለ!»

ደግፌ አወጣሁት። ማዳም ኤሌን በር ላይ ቆማ እጇን ታፋትጋለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሙሴ ሬኔ የሚባል ሰው፣ የወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ቆመ። «እዚህ እንግዳ አይገባም» አለኝ። ሽርጡም ቁጣውም የወይዘሮ አበቡ ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የነገርኩት። «ይህ ሰው ካኑ ነው» አልኩት።

ሙሴ ሬኔ መወርወሪያውን አየ። እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና ገለል አለ።

ሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ላይ የተደፋ ክዳን ነበር። እኔ እጄን ሰነዘርኩ፤ ኪሮስ ቀደመኝና ራሱ አነሣው። ነጭ ነገር ነው፤ አረንጓዴ ቅጠልና ሽንኩርት ተከትፎበታል። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«አይብ!» አለ። «ይኼማ አይብ ነው! ለምለም በቃሪያ የምትሠራው አይብ!»

የምግቡ ስም ከየት እንደመጣ ሙሴ ሬኔን ጠየቅኩት። የድሮዎቹ ካኑዎች ድኾች ነበሩ፤ አንጎልና ሥጋ መግዣ የላቸውም፤ ይህን ይበሉ ነበር። ባለጠጎቹ ሲንቋቸው ያወጡት ስም ነው ይላሉ አለኝ። ለኪሮስ ነገርኩት፤ አንዲት ቃል አልጣልኩም።

ኪሮስ ክዳኑን እንደያዘ ወደ ሙሴ ሬኔ ዞረ። «ዛሬስ ማን ነው የሚበላው?»

ጠየቅኩለት። «ሁሉም» አለ ሙሴ ሬኔ። «ሀብታሙም ቆሞ ተራ ይጠብቅበታል።»

ኪሮስ መሳቅ ጀመረ። ደረቅ ሳቅ ነው፤ ከሆዱ ይወጣል። «ስድቡን በሉት እንጂ! ዝናቡ፣ ንገረው፤ ስድቡን በሉት በለው!» ነገርኩት። ሙሴ ሬኔም ሳቀ፤ ማዳም ኤሌን ግን ዓይኗን ጠረገች።

አይብ ግን አይብ ነው፤ ጾም ነው። ክዳኑን መልሶ ደፋው። ቀጥሎ ያለውን ድስት ራሱ ከፈተ። በውኃ ብቻ የተቀቀለ ምስር ነው፤ የአሳማው ሥጋ ገና አልገባበትም። ሙሴ ሬኔ ዘይትና ኮምጣጤ ሲጨምርበት፣ ሽንኩርት ሲከትፍበት ኪሮስ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ። ከዚያ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በዳቦ እየጠቀለለ በላ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ ጉሮሮውን አየሁት። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ያን ጊዜ ነው እኔም ሦስት ቀን ሙሉ በወጉ እንዳልበላሁ የታወሰኝ።

ኪሮስ ሁለተኛ ሳህን ሲቀበል ሙሴ ሬኔን በጣቱ ጠራው። «አይቧን ነሐሴ አሥራ ስድስት አገሬ ገብቼ እበላታለሁ በለው» አለኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኪሮስ ሰው ፊት ተቀመጠ። ጉድጓድ የለም፤ እግሩን ሳንቃ ላይ አድርጎ ሠራ። መወርወሪያውን እንደ ቤቱ ከግራ ወደ ቀኝ ላከው። ከፊት ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ መጥታ ጥለቱን ደግማ ደጋግማ ዳሰሰች። እኔ ተረጎምኩ፤ ግን ያን ቀን የሚተረጎም ብዙ አልነበረም።

በፍቺው ቀን ሰቆጣ ደረስን። የሻደይ በዓል ነው፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሻደይ ቅጠል አሥረው በመንገዱ እየዘፈኑ ይወርዳሉ፤ ከቀሚሶቹ ጥለት ስንቱ የኪሮስ እጅ ነው። ለምለም በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ጉንጩን ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ «ግቡ» አለችን። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከእሷ አይገኝም።

ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ኪሮስ በቃሪያ የታሸ አይብ ክዳኑ እንደተደፋ አስቀረበ። «ብሉ» አለ፤ «የሸማኔ አንጎል ነው።» እጃቸውን ሰንዝረው የነበሩት ሁሉ ሰበሰቡ። አንዱ ዲያቆን እንዲያውም ተነሣ።

«ክዳኑን ክፈቱታ!» ብሎ ኪሮስ ጮኸባቸው።

ከፈቱት፤ በሉት። ዛሬ በሰፈራችን አይብ ሌላ ስም የለውም።

ልጆቼ፣ ትርጉሜ ትክክል ነበር። ሰርቬል አንጎል ነው፤ ካኑ ሸማኔ ነው፤ ይህን የሚያስተባብል ካለ ይምጣ። እንግዳን ግን ስም አይመግቡትም። ከማንበባችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱለት።